የሌላ ሰው ልጅ አጎት ሆኜ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ የልጄን መምህር ግን አላውቃቸውም

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጎንደር ውስጥ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ፎቶ ኮፒ ማንሻና የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ መጣና ባንኮኒዬ ላይ 50 ብር አስቀመጠ። ወረቀት የሚያባዛ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። የፈለገው ግን እኔን ነበር። «ወላጅ አምጣ» ተብሏል፤ ካላመጣ ክፍል አይገባም፤ ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት አጎቱ እንድሆንለት ለመነኝ።

ብሩን መለስኩለትና አብሬው ሄድኩ። ፊቱ ላይ ያየሁት የአታላይ ድፍረት ሳይሆን ድካም ስለነበረ እምቢ ማለት አቃተኝ። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ስልክ ቁጥሬን መዝግበው ካስፈረሙኝ በኋላ ስለ ልጁ ነገሩኝ። አምስት ሰኞ በተከታታይ ቀርቷል። ሒሳብ ላይ ወድቋል፤ የባዮሎጂ ሥዕሎችን ግን ከክፍሉ ሁሉ አሳምሮ የሚሥለው እሱ ነው። ዝምተኛ ነው። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዓይኑ ይከደናል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ስለማላውቀው ልጅ ይህን ሁሉ አወቅሁ።

ስንወጣ ሰኞ ሰኞ የት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። ወላጆቹ ደምቢያ ውስጥ ከቆላድባ አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ገበሬዎች ናቸው። እሱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጎንደር ቤት ተከራይቶ ይማራል። ቅዳሜ ስንቁን ሊያመጣ ይሄዳል። እሑድ መኪና ሲታጣ፣ ወይም መንገድ ሲዘጋ፣ የሚደርሰው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቱን እንዳይጠራ ደግሞ ወቅቱ የአጨዳ ነው።

ሱቄ ተመልሼ ስቀመጥ ያሰብኩት ስለ ራሴ ልጅ ነበር። ልጄ በሌላ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ትማራለች። የሒሳብ መምህሯን ስም አላውቅም። የመገናኛ ደብተሯን ማታ ማታ ሳላነብ እፈርማለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤቱ የጠራኝ ሦስት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ መስታወት ስለተሰበረ፣ ሁለት ጊዜ ለመዋጮ።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። ከጥፋትና ከገንዘብ ውጪ ትምህርት ቤት ጠርቷችሁ ያውቃል? ወላጁ ከተማ ውስጥ ለሌለ ተማሪስ ወላጁ ማን ነው?

ከዚህ በታች የመጡትን መልሶች በተራቸው አስፍሬያለሁ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከመጀመሪያው እንዲከታተል ብዬ ነው።

1ኛ መልስ። የአዘዞ ነዋሪ የሆኑ እናት በትሕትና አመስግነውኝ የእሳቸውም ነገር ከእኔ የተለየ እንዳልሆነ ጻፉ። ሦስት ልጆች አስተምረዋል። የክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከዓመት እስከ ዓመት የሚያነቡት የክፍያ ማስታወሻና የጠፋ ሹራብ ማስታወቂያ ብቻ እንደሆነ፣ ልጃቸው ምን እንደተማረ የሚናገር አንዲት መልእክት እንኳን ደርሳቸው እንደማታውቅ ገለጹ።

2ኛ መልስ። አጭርና መራራ ነበር። ያደረግሁት ነገር በሐሰት መፈረም ነው አሉኝ። ልጁ በዚያው ሳምንት ቢታመም ወይም አደጋ ቢደርስበት፣ ትምህርት ቤቱ የሚደውለው ለአንድ ባለ ሱቅ እንደነበር አስታወሱኝ። ሄጄ እውነቱን እንድናገር ጠየቁኝ። ይህ መልስ ሌሊቱን አላስተኛኝም። 3ኛው ያንኑ በስድብ ደገመው፤ እሱን አልፌዋለሁ።

4ኛ መልስ። ከሁሉም ይልቅ ሰው ያወያየው ይህ ነው። ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ፣ 14 ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው የጻፉት። መምህራን የሐሰት አጎትን ለይተው እንደሚያውቁት ሳይሸሽጉ ተናገሩ። እንዲህ ያለው አጎት ትሑት ይሆናል፤ የተባለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ልጁን ዞሮ አያየውም። እውነተኛ አባት ግን ወይ ይቆጣል ወይ ይደነግጣል፤ ጥያቄም ያበዛል። ታዲያ እያወቁ ለምን ይቀበላሉ? በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ አለ፤ እሳቸው ደግሞ ስድስት ክፍል ያስተምራሉ። የእያንዳንዱን እውነተኛ ወላጅ እንፈልግ ቢሉ ማስተማሪያ ጊዜ አይኖራቸውም። ቀጥሎ የጻፉት ግን እኔን የበለጠ አሳዘነኝ። «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ነገር በብዙ ቦታ ፊርማ ለማግኘት የሚደረግ ሆኗል፤ ነገ ልጁ ቢባረር ፋይሉ የተሟላ እንዲሆን። ወላጁ ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቅ የለም።

እኝህን መምህርት ስለ ግልጽነታቸው አመሰግናለሁ። 5ኛው መላሽ ግን እያወቁ ውሸት የሚመዘግቡ መምህርት ተማሪውን ስለ ታማኝነት ሊያስተምሩ እንደማይችሉ በቁጣ ጻፈባቸው። ቁጣው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን 60 ልጅ ይዞ የቆመን ሰው እንዲህ መናገር ቀላል ነው።

6ኛ መልስ። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጸሐፊው ከአርማጭሆ መጥቶ ጎንደር ተከራይቶ የተማረ፣ አሁን የራሱ ልጆች ያሉት ሰው ነው። አባቱ አንድ ቀን እንኳን የትምህርት ቤቱን በር አልረገጡም። አቧራ የለበሰ ጫማ ያለው ሰው እዚያ የሚገባ አይመስላቸውም ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በአህያ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ጭነው ይመጣሉ። ቅዳሜ ገበያ እህላቸውን ሸጠው፣ ጋዝና ደብተር ገዝተው፣ ልጃቸው የተከራየበት ክፍል ገብተው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እንዲያመጣ ያዙታል። ፊደል አይቆጥሩም። ቀይ እስክሪብቶ ግን ያውቃሉ። ገጽ እየገለጡ ቀይ ምልክቱን ያያሉ፤ ባዶ የተተወ ገጽ ሲያገኙ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ዝም ይላሉ። ልጁ ከዚያ ዝምታ በላይ የሚያስፈራው ነገር እንዳልነበረ፣ ዓርብ ማታ ባዶ ገጽ እንዳይተርፍ ብቻ ሲል የቀረበትን ሁሉ ከጓደኞቹ ይገለብጥ እንደነበረ፣ ሲገለብጥም ይገባው እንደነበረ ተናገረ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ምን ያደርጋል ለሚሉ ሁሉ ይህ መልስ ነው እላለሁ።

7ኛውና 8ኛው ከዚህ ተነሥተው አገር ተጠያየቁ። ሁለቱ በአንድ ዘመን የተከራዩ፣ ሰፈራቸውም አዲስ ዓለም አካባቢ እንደነበረ ደረሱበት። ስለ አከራያቸውና ስለ ወንዝ ልብስ አጠባ ብዙ አወሩ። ከርዕሱ ወጥተዋል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ አነበብኩት።

9ኛ መልስ። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባል የሆኑ አባት እኔን አረሙኝ። ትምህርት ቤት ለጥፋትና ለገንዘብ ብቻ ይጠራል ማለቴ ልክ እንዳልሆነ፣ የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ከ1999 ጀምሮ ሲሠራበት ከአራቱ ዐበይት ርዕሶች አንዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎ እንደሆነ አስረዱ። ሌሎቹ ሦስቱ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢና አመራር ናቸው። በዓመቱ መክፈቻ ጥሪ አለ፤ በየመንፈቁ ካርድ ሲሰጥም ጥሪ አለ፤ ኅብረቱ በዕቅድና በበጀት ላይ ድምፅ አለው። የጎደለው የሚመጣው ሰው ነው። ባለፈው ስብሰባ አዳራሹ ሩቡ እንኳን እንዳልሞላ፣ ከመጡትም አብዛኞቹ እናቶች እንደነበሩ ተናግረው በመጨረሻ እኔ ሄጄ እንደማውቅ ጠየቁኝ። አልሄድኩም። ጥሪው ደርሶኝ ነበር፤ ሱቁን ማን ይጠብቃል ብዬ ቀረሁ። ይህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

10ኛ መልስ። ቅመም ነጋዴ የሆኑ እናት ለ9ኛው መላሽ መለሱላቸው፤ ንግግራቸው ጨዋ ቢሆንም ቁጣ አለበት። ስብሰባ የሚጠራው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ሸጦ የሚያድር ሰው የሳምንቱን እንጀራ ትቶ እንዲመጣ ነው የሚጠየቀው። አንድ ጊዜ ትተው ሄደው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሪፖርት ተነበበ፤ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል ሳይነሣ የመዋጮ ጉዳይ መጣና ተዘጋ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። 11ኛው፣ መምህር ይመስለኛል፣ መምህራንም ልጆች እንዳሏቸውና እሑድን ለቤታቸው እንደሚፈልጉት ባጭሩ አስገነዘበ።

12ኛ መልስ። ውይይቱ እዚህ ላይ ሰላሙን አጣ። ጸሐፊው ከመቶ ተማሪ ሦስት ብቻ 12ኛ ክፍል በሚያልፍበት አገር ስለ ስንቅና ስለ አጎት ማውራት ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ ጥፋቱ የወላጅ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ የመምህራን እንደሆነ ደመደመ። 13ኛው ቁጥሩን አስተካከለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር የ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ሦስት ከመቶ የሚለው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንጂ የዛሬው አይደለም። 8.4ም ቢሆን ግን የሚያኮራ እንዳልሆነ አምኗል።

ከዚያ በኋላ ወላጅ ነው ጥፋተኛው፣ መምህር ነው ጥፋተኛው የሚል ክርክር ተነሣ። 4ኛዋ መምህርት ተመልሰው መጥተው፣ 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀ ልጅ የወደቀው ሁለተኛ ክፍል ሳለ ማንበብ ሳይችል ሲያልፍ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ወላጅም መምህርም እንዳላየው ተናገሩ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ስድብ የጻፉትን ሁለት ሰዎች እንዲያነሡት ጠይቄ አንዱ አንሥቷል።

14ኛ መልስ። የትምህርት ሳይንስ የሚያስተምሩ ሰው ውይይቱን ወደ ጥናት ወሰዱት። ጆይስ ኤፕስታይን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ የወላጅን ተሳትፎ በ6 ከፍለውታል፤ ልጅን በቤት አሟልቶ ማሳደግ፣ ከትምህርት ቤት ጋር መነጋገር፣ በፈቃደኝነት ማገልገል፣ በቤት መማርን ማገዝ፣ በውሳኔ መካፈልና ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር መተባበር። እኛ ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ፣ እነሱንም አጣመን እንደያዝናቸው አስረዱ። ቀጥለውም ብዙዎቻችንን ያስገረመ ነገር አመጡ። ኪት ሮቢንሰንና ኤንጅል ሃሪስ የተባሉ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁራን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ መርምረው፣ ወላጅ የቤት ሥራ ላይ መርዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የፈተና ውጤት ከፍ እንደማያደርግ፣ አንዳንዴም ዝቅ እንደሚያደርግ አግኝተዋል። የጠቀመው ለትንንሽ ልጆች ማንበብና ከልጅ ጋር ስለ ወደፊት ትምህርቱ በየጊዜው መነጋገር ነው።

15ኛ መልስ። አንዲት እናት ይህን አልተቀበሉትም። የአሜሪካ እናት የቤት ሥራ የምታግዘው በልጇ ቋንቋ፣ ራሷ በተማረችው ነገር ነው። እሳቸው 6ኛ ክፍል ያቋረጡ ናቸው፤ ልጃቸው ሲያጠና አጠገቡ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያደርጉት የላቸውም። ምሁሩ በ16ኛው መልሳቸው በከፊል እንደሚስማሙ፣ እንዲያውም አጠገቡ ተቀምጦ መፍተሉ ጥናቱ ይጠቅማል ካለው ነገር ጎራ እንደሚመደብ፣ የ6ኛው መላሽ አባትም ያደረጉት ያንኑ እንደነበረ መለሱ። እኚህ ሰው ሲታረሙ አልተቆጡም። በመድረካችን ይህ ቢለመድ ደስ ይለኛል።

17ኛ መልስ። አንድ ሽማግሌ ከአብነት ትምህርት ቤት ምሳሌ አመጡ። የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እየለመነ ይማራል። ከሩቅ አገር አቋቋም የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ሊማሩ ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ሁሉ ወላጅ አምጡ አልተባሉም፤ ሊቅ ግን ሆነዋል። ስለዚህ ወላጅ ባይኖርም ተማሪ ይማራል የሚል ነው ሐሳባቸው።

18ኛው በሰላ ቃል መለሰላቸው። ከዚያ መንገድ ሊቅ ሆኖ የወጣውን ብቻ ቆጥረው፣ በውሻ የተነከሰውን፣ በተስቦ የሞተውን፣ በዱላ የሸሸውን እንዳልቆጠሩት ጻፈ። ነገሩ እውነት ነው፤ ለሽማግሌ ግን እንዲህ አይጻፍም። አባታችን በ19ኛው መልሳቸው ሳይቀየሙ፣ እሳቸው ራሳቸው በተስቦ የሞተ ጓደኛ ቀብረው እንደሚያውቁ ነገሩን። ከዚያም የረሱትን ጨመሩ። ያን ጊዜ መንደሩ ወላጅ ነበር። ቁራሽ የምትሰጥ ሴት ልጁ ከየት እንደመጣ፣ የት ምዕራፍ እንደደረሰ ትጠይቀው ነበር። የኔታም ልጁ ሁለት ቀን ሲቀር ሰው ይልኩ ነበር። ዛሬ ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ አከራዩ የሚጠይቀው ኪራዩን ነው። እኔ ከዚህ ውይይት ሁሉ ለጥያቄዬ የቀረበ መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

20ኛው መላሽ ስለ ፋሲል ከነማ ጨዋታ ጠየቀ። የውይይቱን ገጽ ተሳስቶ ነው።

21ኛ መልስ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ናት የጻፈችው፤ ዕድሜዋን ስለተናገረች ማንም ማንነቷን እንዳይጠይቅ አደራ እላለሁ። እሷም አንድ ጊዜ የባጃጅ ሾፌር አጎት አድርጋ ወስዳለች። አባቷ እዚሁ ከተማ ነው። ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ትምህርት ቤት በጠራው ማግስት እንዴት እንደሚገርፋት ስለምታውቅ ነው። መምህሯ ስለ አንድ ጥሩ ነገር አባቷን ጠርቶት ቢያውቅ ኖሮ፣ ለጥፋቷም እሱኑ ይዛ ለመሄድ ድፍረት ታገኝ እንደነበረ ጻፈች። ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልጻፈም።

22ኛው የ4ኛዋ መምህርት ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምረው በየሳምንቱ ለሦስት ወላጅ ልጃቸው ስላደረገው ጥሩ ነገር ብቻ እንደሚደውሉ፣ የስልክ ካርዱንም ከራሳቸው እንደሚችሉ አሳወቁ። የመጀመሪያዋ እናት ስልኩን አንሥተው ምን አጠፋ እያሉ ማልቀስ እንደጀመሩ፣ ጥፋት እንደሌለ ለማሳመን ብዙ ደቂቃ እንደወሰደባቸው ተናገሩ።

23ኛ መልስ፣ የእኔ። 2ኛው መላሽ ያዘዙኝን አድርጌያለሁ። ልጁን አስፈቅጄ በጎረቤት ስልክ ለአባቱ ደወልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ሽምብራ ሊሸጡ መጥተው ሱቄ አረፉ። መምህርቷ ለማጠናከሪያ ትምህርት ግቢ ውስጥ ስለነበሩ ሦስታችን ገባን። ቀድሜ አጎቱ እንዳልሆንኩ ተናገርኩ። መምህርቷ ተቆጡ፤ መቆጣትም ይገባቸው ነበር። ከዚያ አባቱን የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

አባቱ ስለ ደረጃ አልጠየቁም። ልጃቸው ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ እንደሆነ ነው የጠየቁት። መምህርቷ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እንደሚያንቀላፋ ሲነግሯቸው ዞረው ልጁን አዩት። የላኩት ስንቅ ለሳምንት እንደማይበቃ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ከሰል ለመቆጠብ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያበስሉ፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ እንደሚወጡም ተነገረ። መምህርቷ የማያውቁትን አባቱ፣ አባቱ የማያውቁትን መምህርቷ ያውቁ ነበር። መዝገቡ ወጣ፤ ስልኬ ተሰርዞ የጎረቤቱ ስልክ ተጻፈ። የእኔን ከሥሩ በሌላ ተጠሪ ስም መልሰው አሰፈሩት።

ሰኞ ዕለት የልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዘበኛው ምን እንዳጠፋች ጠየቀኝ። የሒሳብ መምህሯን አገኘኋቸው፤ ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ነጻ ናቸው።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጁ ቅዳሜ መሄዱን እንዲያቆም ስንቁን በመኪና ለመላክ ተስማምተናል፤ ሱቄ ተቀብዬ አቆይለታለሁ። ከቆላድባ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር የሚመጣ፣ አደራ የማይበላ ሾፌር የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።